የበያጁ ዱባለ እንባ

ቡታጅራ ውስጥ መብራት በጠፋ ቁጥር እንደ ዱባለ የሚማረር ሰው አልነበረም። ዱባለ በያጅ ነው። በርና መስኮት፣ የግቢ አጥር፣ አንዳንዴም የተሰበረ የጋሪ አካል ይበይዳል። የብየዳ ማሽኑ መብራት ከሌለው ሁለት ሰው የሚሸከመው ዝም ያለ ብረት ነው። መብራቱ እልም ሲል ዱባለ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋ ያደርግና ከግድግዳው ማዶ ያለውን አናጺ ይጣራል።

«ዑመይር! አንተም ጋ ሄደ?»

«ሄዷል። ሰብር አድርግ፣ ታገሥ» ይለዋል ዑመይር፣ መላጊያውን በእጁ እየገፋ።

«ሰብር ወጥ አይሆንም!»

እንግዲህ በመስቀል ዋዜማ መብራት ድርግም ብሎ እንዲጠፋ ስለት የተሳለው ይኸው ሰው ነው። እንዴት እዚህ ላይ እንደ ደረሰ ለማወቅ ከከበሮው መጀመር ያስፈልጋል።

ዱባለ የመዘምራኑን ከበሮ የመታው ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ነው። ሲጀምር ቤተ ክርስቲያኑ ገና የጭቃ ግድግዳና የቆርቆሮ ክዳን ነበረው፤ ዛሬ የሚወጣበትን ደረጃ ለመቁጠር ትንፋሽ የሚጠይቅ ካቴድራል ሆኗል። የዚያን ጊዜ ከመስቃን ገጠር ወጥቶ ብየዳ የሚማር የሃያ ስድስት ዓመት ጎልማሳ ነበር። አንድ እሑድ ከበሮ መቺው ወባ ይዞት ቀረ። ሰው ጠፋ። «አንተ ክንድህ ጠንካራ ነው፣ ያዝ» አሉት። ያዘ። ማንገቻው አንገቱ ላይ ከዋለ በኋላ የሚያወርድለት አልተገኘም፤ እሱም አላስወረደም።

ሚስቱ ሐረገወይን እንኳ ያወቀችው ከከበሮው ጀርባ ነው። «እኔ ያገባሁት ከበሮውን ነው፤ ሰውዬው ተከትሎ መጣ» እያለች ለበርበሬ ደንበኞቿ ታወራለች። እውነቷን ነው። ዱባለ ከበሮ ሲያነግት ሌላ ሰው ይሆናል። አጭሩ ይረዝማል፣ ዝምተኛው ይስቃል፣ ትከሻው ብቻውን ይናገራል። ሰፊውን አፍ በቀኙ ጠባቡን በግራው ሲላቸው፣ ከገበያ የምትመለስ አህያ ጆሮዋን ቀጥ አድርጋ ትቆማለች ይባላል።

አንድ ችግር ግን ነበረበት። ይጋልባል። በዝግታ የተጀመረ መዝሙር ሦስተኛው ቤት ላይ ሲደርስ በዱባለ እጅ ሶምሶማ፣ አምስተኛው ላይ ግልቢያ ይሆናል። መዘምራኑ ትንፋሽ እያጠራቸው ቃሉን እየዋጡ ይከተሉታል። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ይህን የነገረው የለም፤ ሰውም ሆታው ደስ ስለሚለው ግጥሙን ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

ነጋሪው ሚኪያስ ሆነ። ሚኪያስ አባቱ የዚሁ አገር ሰው፣ እሱ ግን አዲስ አበባ ያደገ፣ የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ አስተማሪ ሆኖ ቡታጅራ የተመደበ ቀጭን ወጣት ነው። መዝሙር ያውቃል። በመጣ በስድስተኛ ወሩ የመዘምራኑ ኃላፊ ሆነ፤ በሰባተኛው ወር አራት ማይክሮፎንና እንደ ሬሳ ሣጥን የረዘሙ ሁለት ስፒከሮች ተገዙ፤ በስምንተኛው ወር ዱባለ ተሾመ።

ሹመት ነበር፤ ሌላ ስም የለውም። ስብሰባ ተጠራ፣ ቃለ ጉባኤ ተያዘ። ሚኪያስ ቆሞ «በመተዳደሪያ ደንባችን መሠረት ወጣት ማለት እስከ ሠላሳ ዓመት ያለ ነው» አለ። ዱባለ ሠላሳ ዓመት የሞላው የዛሬ ሃያ አራት ዓመት ስለነበር ነገሩ እሱን የሚመለከት አልመሰለውም። ቀጥሎ «ለአባታችን ለጋሽ ዱባለ ከፍ ያለ ክብር ስለሚገባቸው» ተባለ። ከዚያ ጭብጨባ መጣ። ከዚያ በመስታወት የተከደነ የምስክር ወረቀት እጁ ላይ አረፈ። በወርቃማ ፊደል «የክብር አማካሪ» ይላል።

«ምንድን ነው የማማክረው?» አለ ዱባለ።

«ልምድዎን ያካፍሉናል፣ ጋሽ ዱባለ።»

«ከበሮውስ?»

«ኪዱ ይዞታል። እርስዎ ካሁን በኋላ አይድከሙ።»

ኪዱ ባንክ ቤት ገንዘብ ከፋይ ነው። ትከሻው ሰፊ፣ ጥርሱ ነጭ፣ እጁ ደግሞ ብር ብቻ የነካ ለስላሳ። ከበሮውን እንደ ሕፃን ነበር የያዘው። ዱባለ ይህን አይቶ ቤቱ ገባ። ሐረገወይን የምስክር ወረቀቱን ከቴሌቪዥኑ በላይ ሰቅላ፣ ወደ ኋላ ፈቀቅ ብላ አየችውና «ያምራል። ቀስ ብለው ነው ያባረሩህ» አለች።

አማካሪው በየልምምዱ መገኘቱን አላቋረጠም። ወንበር ይሰጡታል። ከጥግ ይቀመጣል። በሁለት ወር ውስጥ ምክር የተጠየቀው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ የሚዲያ ክፍሏ ሊዲያ መጥታ በአክብሮት ጎንበስ ብላ «ጋሽዬ፣ የነፋሱ ድምፅ እየተቀዳብን ነው፣ መስኮቱን ይዘጉልናል?» አለችው። ዘጋው። የራሱ የእጅ ሥራ ስለነበር ያለ ድምፅ ነው የተዘጋው። በዚያም ትንሽ ኮራ።

መስቀል ሲቃረብ ግን ወንበሩ ይቆረቁረው ጀመር። መስቀል በጉራጌ አገር ምን እንደሆነ መንገር አያስፈልግም፤ አዲስ አበባ የሄደው ሁሉ ይመለሳል፣ ያልተመለሰ እንደ ሞተ ይቆጠራል። ደመራው በካቴድራሉ ሜዳ ላይ ሲለኮስ ዱባለ ከበሮውን ይዞ ከፊት ይቆማል፤ ከመርካቶ የመጡ አብሮ አደጎቹ «አይ ዱባለ! አሁንም አለህ!» እያሉ ትከሻውን ይመቱታል። ዘንድሮ ምን ሊላቸው ነው? እያማከርኩ ነው?

ደመራው ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ኤሌክትሮድ ሊቀይር ጎንበስ እንዳለ ሐሳቡ መጣለት። ይህ ሁሉ ነገር የቆመው በመብራት ላይ ነው። መብራት ከሌለ ማይክሮፎን የለም። ማይክሮፎን ከሌለ የእነዚህ ልጆች ድምፅ ከሦስተኛው ረድፍ አያልፍም፤ የኪዱ እጅማ ከራሱ ጆሮም አይደርስ። ሕዝቡ ይንጫጫል፣ ሚኪያስ ይደነግጣል፣ በመጨረሻም ሁሉም ዞሮ ጥጉን ያያል። «ጋሽ ዱባለ!» ማለታቸው አይቀርም። እሱ ትንሽ ያስለምናቸዋል። ከዚያ ይነሣል።

በበዓል ቀን መብራት መጥፋቱ ደግሞ ልማድ ነው፤ ስለት እንኳ ባያስፈልገው። ግን ማን ያውቃል ብሎ ተሳለ። መብራቱን አጥፋልኝ እንጂ ቁመቴን የሚያክል ባለ ሰባት ቅርንጫፍ የብረት መቅረዝ ሠርቼ አገባለሁ አለ። ካቴድራሉ ዕቃ ቤት ገብቶም አሮጌውን ከበሮ ከጃንጥላዎቹ ጀርባ አውጥቶ በሩ አጠገብ አኖረው። ይህንንም ምክር ነው ብሎ ለራሱ አስረዳ።

ምሥጢሩን ለዑመይር ብቻ ነገረው። ዑመይር መጀመሪያ አላመነም።

«መብራት እንዲጠፋ? አንተ? ዱባለ?»

«አንድ ሰዓት ብቻ።»

ዑመይር ሣቁ አሸንፎት የመጋዙ ብናኝ ላይ ቁጭ አለ። «ወላሂ፣ ዕድሜ ልክህን ይምጣ ስትለው ነው የኖርከው። አሁን እዚያ ላይ ያሉት ግራ አይገባቸውም?»

በዋዜማው ዕለት ጠዋት መብራት ሁለት ጊዜ ጠፋ። ዱባለ የሰው የግቢ በር ሊጨርስ እየተጣደፈ ስለነበር ሁለቱንም ጊዜ በልማዱ ተራገመ፤ ተራግሞም አፉን በእጁ ያዘ። ወደ ስምንት ሰዓት ገደማ ግን መብራቱ መጣ፤ መጥቶም በዚያው ቀረ። እንደዚያ ያለ መብራት ቡታጅራ አይታ አታውቅም። ንቅንቅ አላለም። የሱቆቹ አምፖሎች በፀሐይ ብርሃን ቦግ ብለው ዋሉ፤ መብራቱ ቀጥ ብሎ ቆሞ እንደሚጠብቅ ዘበኛ ነበር።

ሜዳው በሰው ሞላ። ነጭ በነጭ ሆነ። ካህናቱ ወረቡን ጨርሰው ደመራውን ከዞሩ በኋላ የመዘምራኑ ተራ መጣ። ዱባለ ከመጀመሪያው ረድፍ ጫፍ ላይ ቆሞ ስፒከሩን ያየዋል። አሁን ይጠፋል፣ አሁን ይጠፋል ይላል። ስፒከሩ እንደ ጠገበ ድመት እም... ይላል።

ከዚያ ዘመሩ።

ዱባለ ይህን መዝሙር ሃያ ስምንት መስቀል መትቶታል። መዝሙሩ ምን እንደሚል ግን አያውቅም ነበር። ከከበሮ ጀርባ የቆመ ሰው የሚሰማው ከበሮ ነው። አሁን ግን ኪዱ በለስላሳ እጁ ቆዳውን መታ ሳይሆን ዳሰስ ያደርገዋል፣ የአርባው መዘምራን ድምፅ ደግሞ እንደ አንድ ሰው ከላዩ ላይ ይሄዳል፤ ቃሉ አንድ በአንድ፣ ሳይጣደፍ፣ ተራውን እየጠበቀ ወደ ዱባለ ጆሮ ገባ። ስለ ተቀበረ እንጨት ይናገራል። ቆሻሻ ተደፍቶበት፣ ዘመን አልፎበት፣ የት እንዳለ ጠፍቶ ስለ ኖረ ነገር። የተፈለገውም በጢስ ተመርቶ እንደሆነ ይናገራል። ታሪኩን ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል፤ እንዲህ ሆኖ ግን ሰምቶት አያውቅም። ያምራል። የሚያናድደውም ማማሩ ነበር። እኔ በሌለሁበት እንዲህ ያምራል? ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ይህን ነገር በከበሮ ስሸፍነው ነው የኖርኩት?

ከዚያ እንባው ዝርግፍ አለ፤ እንደ ትልቅ ሰው በዝምታ ሳይሆን እንደ ሕፃን፣ ትከሻው እየተንቀጠቀጠ፣ አፍንጫው ጭምር እየረዳው። ግማሹ ቅናት ነው። ሩቡ ንዴት ነው። የቀረውን ሩብ እሱ ራሱ እስከ ዛሬ ስም አልሰጠውም። ነጠላውን ፊቱ ላይ ሳብ አደረገ፤ ነጠላውም ወደቀ።

ሊዲያ ይህን ሁሉ ከሦስት ክንድ ርቀት ላይ በስልኳ ቀረጸችው።

ቪዲዮው «በዝማሬው የተነኩት አባት» ተብሎ ወጣ። መስቀል ሲውል፣ አገር ክትፎና ቆጮ ላይ ሳለ፣ የዱባለ ፊት ከስልክ ወደ ስልክ እየዘለለ ዋለ። ደመራው በተቃጠለ በአራተኛው ቀን ዱባይ ያሉ ልጆች ጭምር አይተውታል። ከሥር ሰው ሁሉ ይጽፋል፤ «እንዲህ ያለ ልብ ይስጠን»፣ «የድሮ አባቶች ቀርተዋል ማለት ነው»፣ «ፊታቸው ላይ ያለውን ብርሃን አያችሁ?»። ብርሃኑ የስፒከሩ አምፖል ነበር።

ሐረገወይን ያየችው በርበሬ ተራ ነው፤ ጎረቤቷ ስልኳን ይዛ ሮጣ መጣች። ማታ ባሏ እራት ሲበላ ትኩር ብላ አየችው።

«እናትህ የሞተች ቀን እንኳ እንዲህ አላለቀስክም። ምን ሆነህ ነው?»

«ብየዳው ነው። ዓይኔን መቶኝ ነበር።»

«እህ» አለች። ድንች ቆርጣ፣ እሱን አጋድማ፣ ሁለቱ ዓይኖቹ ላይ አስቀመጠችለት። «የመታህ ነገር እስኪወጣ አትነሣም።» ዱባለ ድንቹን እንደተሸከመ ተኛ። ውሸትም ዋጋ አለው።

ሰው ደግሞ ወደ ሱቁ ይመጣ ጀመር። መጀመሪያ የሰፈር ሰው፣ ቀጥሎ ከአገና፣ ከዚያ አልፎ ዘመድ ጥየቃ የመጡ የአዲስ አበባ ሰዎች። አንዱ በር ያሠራል፤ «ከእርስዎ እጅ የወጣ በር ክፉ አያስገባም» ይላል። ሌላዋ የታመመ ልጇን ስም በወረቀት ጽፋ «በጸሎትዎ» ትለዋለች። ዱባለ መነጽሩን ሳያወልቅ ወረቀቱን ይቀበላል። መጣል ፈራ፤ ለማንም እንደማይጸልይ መናገርም አፈረ። ስለዚህ ማታ ማታ ወረቀቶቹን አውጥቶ ስሞቹን አንድ በአንድ እየጠራ «አንተ ታውቃለህ፤ እኔ የለሁበትም» ይል ጀመር። በዚህ ዓይነት በሃያ ስምንት ዓመቱ አገልግሎት ካደረገው ይልቅ በአንድ ወር ብዙ ጸለየ።

ዑመይር ከግድግዳው ማዶ ሆኖ ሰልፉን ያስተናግዳል። «ወደዚህ፣ ወደዚህ። ሼኹ ሥራ ላይ ናቸው።»

«ዑመይር፣ ሼኽ አትበለኝ።»

«ታዲያ ምን ልበልህ? የመብራት ወዳጅ?»

ጥቅምት መጨረሻ ላይ ሚኪያስ ራሱ መጣ። ሱቁ በር ላይ ቆሞ፣ ባርኔጣውን በእጁ እያሽከረከረ፣ ብየዳው እስኪያልቅ ጠበቀ።

«ጋሽ ዱባለ፣ ለኅዳር ጽዮን ወልቂጤ ተጠርተናል። ትልቅ ጉባኤ ነው። ከየከተማው መዘምራን ይመጣሉ።»

«እሰይ። ሂዱ።»

«እርስዎም ይሄዳሉ። እንዲያውም... ሲጠሩን በቅድሚያ የጠየቁት እርስዎን ነው።»

ዱባለ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋ አደረገ። «ከበሮ?»

ሚኪያስ መሬቱን አየ። «አይ። ከፊት ይቀመጣሉ።»

«ተቀምጬ ምን ልሥራ?»

«ምንም። እንደ መስቀሉ ዕለት።»

«እንዳለቅስ ነው?»

«ኧረ እንደዚያ አልልም! ግን... ከመጣልዎት።»

ዱባለ እምቢ ሊል አፉን ከፈተ። ከዚያ የሐረገወይን ፊት ታየው፤ ይህን ከሰማች አዲስ ጋቢ መግዛቷ አይቀርም፤ ከመንደሩም ሁለት ሚኒባስ ሰው ይነሣል። አፉን ዘጋ።

ወልቂጤ ላይ ድንኳኑ ውስጥ ከመጀመሪያው ረድፍ፣ ከካህናቱ ቀጥሎ፣ ክንድ ማሳረፊያ ያለው ወንበር ተሰጠው። ሊዲያ ስልኳን በሦስት እግር ማቆሚያ ላይ ሰክታ አፈሙዙን ወደ እሱ አዙራለች፤ ለመዘምራኑ ቀረጻ ሌላ ልጅ ተመድቧል። መዝሙሩ ተጀመረ። ዱባለ ሊያለቅስ ሞከረ። እናቱን አሰበ። አባቱን አሰበ። ሐረገወይን ታማ ሆስፒታል የተኛችበትን ክረምት አሰበ፤ ያኔ የዳነች ቀን ታወሰውና ይባስ ብሎ ደስ አለው። ዓይኑ እንደ በጋ ወንዝ ደረቀ።

ደግሞም መዝሙሩ ደስ ይል ነበር። ቅናቱ የት እንደሄደ አያውቅም፤ ብቻ ዛሬ የለም። ኪዱ እጁ ጠንክሯል፤ የዜማው ማጠፊያ ላይ ጥሩ አድርጎ ሲመታት ዱባለ ሳያስበው «እሰይ» አለ። እግሩ መሬቱን ይመታል፣ ፊቱ ፈገግ ብሏል። ሊዲያ ከማቆሚያው ጀርባ ሆና ጣቷን ከዓይኗ ሥር ወደ ታች ታንሸራትታለች። ዱባለ ምልክቱ ስላልገባው ራሱን በፈገግታ ነቅንቆ ሰላምታ ሰጣት።

መዝሙሩ ሲያልቅ መድረክ መሪው፣ ድምፁ ጎርናና ሰባኪ፣ ማይክሮፎኑን ያዘ። «ምእመናን! ዛሬ በመካከላችን አንድ አባት አሉ። እንባቸውን ሁላችሁም አይታችኋል። እስቲ አንድ ቃል ይንገሩን!»

ዱባለን ሁለት ወጣቶች ደግፈው አወጡት፤ መደገፍ አያስፈልገውም ነበር። ማይክሮፎን በእጁ ሲይዝ የመጀመሪያው ነው። ሺህ ዓይን ያየዋል። ኪሱ ውስጥ ያሉት የስም ወረቀቶች ድንገት ከበዱት። የሰው ልጅ ሕመም እኮ ነው እዚያ ውስጥ ያለው። ከዚህ በላይ መሸከም አልቻለም።

«ወገኖቼ» አለ። ድምፁ በስፒከሩ ተመልሶ ሲመጣ ደነገጠ። «እኔ ሰው አይደለሁም። ሃያ ስምንት ዓመት ከበሮ መታሁ። ወሰዱብኝ። ቀናሁ። በመስቀል መብራት ጠፍቶ ልጆቹ እንዲያፍሩ ስለት ተሳልኩ። አልጠፋም። እነሱም አሳምረው ዘመሩ። ያለቀስኩት ለዚያ ነው። በቅናት ነው ያለቀስኩት። ሌላ ነገር የለኝም።»

ዱባለ ድንጋይ ቢወረወርበት እንኳ ቀለል ይለው እንደነበር ኋላ ተናግሯል። ከመሃል አንዲት ሴት በረጅሙ እልል አለች። ከዚያ ሌላዋ። ከዚያ ድንኳኑ በእልልታና በጭብጨባ ተናጠ። ሰባኪው ዓይኑን እየጠረገ ማይክሮፎኑን ነጠቀው።

«ሰማችሁ? ሰማችሁ ወገኖቼ? ትሕትና ማለት ይህ ነው! ማነው በሕዝብ ፊት ራሱን እንዲህ የሚያዋርድ? የጥንት አባቶች እንዲህ ነበር የሚሉት!»

«ኧረ እውነቴን ነው!» አለ ዱባለ፤ ማይክሮፎኑ ግን ከእጁ ወጥቷል። ሲወርድ አንዲት እናት ጉልበቱን ሳመችው። ያ ቪዲዮ «ራሳቸውን የናቁት አባት» ተብሎ ወጥቶ የመጀመሪያውን በሁለት ቀን በለጠው። ሐረገወይን አጠገቡ ደርሳ ጋቢውን እያስተካከለችለት ቀስ ብላ በጆሮው «ድንቹ በከንቱ ነበር በለኛ» አለችው።

በድንኳኑ ውስጥ ነገሩን እንዳለ የሰማው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ሚኪያስ። በመልስ ጉዞ ከዱባለ ጎን ተቀመጠ። አረቅጥ ሲደርሱ ጉሙ መንገዱን ስለሸፈነው ሹፌሩ አቆመና ሻይ ሊጠጡ ወረዱ። ብርዱ አጥንት ይበላል። ሁለቱ ብርጭቋቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ከአንድ ግድግዳ ሥር ቆሙ።

«ጋሽ ዱባለ፣ እውነት ተስለው ነበር?»

«መቅረዝ። ባለ ሰባት ቅርንጫፍ።»

ሚኪያስ ሻዩን ፉት አለ። «እኔም አንድ ነገር ልንገርዎት። ከበሮውን የወሰድኩት ስለሚጋልቡ ነው። ይጋልባሉ።»

«አሁን አውቄዋለሁ።»

«ግን ለእሱ ብቻ አይደለም። እርስዎ ሲመቱ አርባውም ሰው የሚያየው እርስዎን ነው። እኔ ከፊታቸው ቆሜ እጄን አወዛውዛለሁ፤ የሚያየኝ የለም። አንድ ቀን ሆን ብዬ እጄን ኪሴ ከተትኩ። ማንም አላወቀም።»

የዱባለ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሚኪያስ እያለቀሰ መስሎት ደንግጦ ዞረ፤ ዱባለ ግን እየሣቀ ነበር። ሣቁ ሲበርድለት «ታዲያ አንተም ማይክሮፎን ይዘህ ብትናገር እኮ የጥንት አባት ትሆን ነበር» አለው።

«ለጥምቀት ከበሮውን ይያዙ» አለ ሚኪያስ። «ታቦቱን የምናጅብበት መንገድ ረጅም ነው፤ ኪዱ ብቻውን አይችለውም። ሁለት ከበሮ ይሁን። አንድ ነገር ብቻ ቃል ይግቡልኝ፤ አይጋልቡ።»

«አልጋልብም።»

በጥምቀት ዕለት ዱባለ ጋለበ። እስከ ባሕረ ጥምቀቱ መታጠፊያ ድረስ ራሱን ይዞ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን መንገዱ ቁልቁል ነው። መዘምራኑ እየሣቁ ሶምሶማ ረገጡ፣ ኪዱም ላቡ በፊቱ እየወረደ ከጎኑ ሊደርስበት ይታገላል፤ ሚኪያስ ከፊት እጁን ያወዛውዛል፣ አሁንም የሚያየው የለም። ግጥሙን የሰማ አልነበረም። ዱባለ ግን ከበሮው ፋታ በሰጠው ቁጥር ጆሮውን ያቀናል፤ አንድ ቃል፣ አንዳንዴም ሁለት ይይዛል።

አንድ መታጠፊያ ላይ ታቦቱ ቆም ሲል፣ ከአዲስ አበባ እንደመጣች አለባበሷ የሚናገር አንዲት ሴት ስልኳን ከፍ አድርጋ ሰዉን እየገፋች መጣች። መዘምራኑን አንድ በአንድ አየች። ዱባለ ላይ ስትደርስ ዓይኗ ሳይቆም አለፈ፤ ላቡ ፊቱን አጥቦታል፣ አፉ እስከ ጆሮው ተከፍቷል፣ ጋቢውን ወገቡ ላይ ጠምጥሞታል። ተመልሳ እሱኑ ጠየቀችው።

«ይቅርታ አባባ፤ እኚያ የሚያለቅሱት አባት የቱ ናቸው? ከሩቅ ነው የመጣሁት።»

ዱባለ ማንገቻውን ትከሻው ላይ አመቻቸ።

«ዛሬ አልመጡም።»

«ውይ! ደኅና አይደሉም እንዴ?»

«ኧረ ደኅና ናቸው። ሥራ በዝቶባቸው ነው» አላትና፣ ታቦቱ መንቀሳቀሱን አይቶ ሰፊውን አፍ በቀኙ አጮለው።